የሳተርኑ ሐኪም

ጋሽ አውግቸው ማረፋቸውን የሰማሁት ሐሙስ ጠዋት፣ የአንዲት ሴትዮ ጥፍር እየቆረጥኩ ሳለ ነው። የደወሉልኝ የእድራችን ጸሐፊ አቶ ግርማ ነበሩ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ፒዮሪያ ስትሪት ባለው ጋራዣቸው ውስጥ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ አርፈው ተገኙ። አጠገባቸው ጎማ ቤት ያለው ሰውዬ የተኙ መስሎት ሁለት ጊዜ አልፏቸው ሄዷል አሉ። "እሺ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሴትዮዋ ማን እንደደወለ ጠየቁኝ፤ "የሥራ ነው" አልኳቸው። ዋሸሁ። ለምን እንደዋሸሁ ቆይቼ እናገራለሁ፤ መጀመሪያ ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ።

የዴንቨርና የኦሮራ ሀበሻ ጋሽ አውግቸውን የሚያውቃቸው "የሳተርን ሐኪም" እያለ ነው። ሳተርን መሠራት ካቆመች ዓመታት ያለፏት የአሜሪካ መኪና ናት። እሳቸው ሌላ መኪና አይነኩም። ቶዮታ ይዞ የሄደውን "የሷ ሐኪም ብዙ ነው" ብለው በትህትና ይሸኙታል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ከአንገቱ የተቆለፈ ቱታ የሚለብሱ ሰው ነበሩ። የመርካቶ ልጅ ናቸው፤ ነገር ግን እንደ መርካቶ ልጅ አይለፈልፉም። ሲያዳምጡ ግን ዓለምን ይረሳሉ።

እኔ የደረስኩባቸው በችግር ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ሌላ ስቴት ከሚሄድ ልጅ የገዛኋት አረንጓዴ ሳተርን ነበረችኝ፤ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ መብራት በያዘኝ ቁጥር ትጠፋለች። ሦስት ጋራዥ ዞርኩ። ሁለቱ ፓርት የለም አሉኝ፣ ሦስተኛው ኮፈኗን ሳይከፍት ሳቀ። ታክሲ የሚነዳ ወዳጄ ነው ፒዮሪያ የላከኝ። ጋሽ አውግቸው ሞተሩን አስነሱና ረጅም ካቻቢቴ አነሱ። ብረቱን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሥራዬ በሽተኛ መንከባከብ ነው፤ ማዳመጫ ይዞ ዝም የሚል ሐኪም ብዙ አይቻለሁ። እንደዚያ ያለ ዝምታ ግን አይቼ አላውቅም።

"እስከ ጥምቀት ታደርስሻለች" አሉኝ ዓይናቸውን ሲገልጡ።

ከዚያስ ብላቸው፣ ከዚያማ ታርፋለች አሉ። ትበላሻለች አላሉም። ሳቅኩባቸው። ካንዴላዎቿን ቀየሩልኝ፣ መጥፋቷንም ተወች፣ እኔም ነገሩን ረሳሁት። በጥምቀት ማግስት ቻምበርስ ሮድ ላይ፣ ያለ አንዳች ድምፅ፣ ቀስ ብላ ወደ ዳር ወጥታ ቆመች። ዳግመኛም አልተነሳች። አጋጣሚ ነው አልኩ፤ ዛሬም አጋጣሚ ነው እላለሁ። ብቻ ከዚያ ወዲህ ካቻቢቴ ይዘው ወደኔ ሲዞሩ ደረቴን በእጄ መሸፈን ጀመርኩ። ሌላ ሳተርን ፈልገው ያገኙልኝም እሳቸው ናቸው፤ እንዲህ እንዲህ እያልን ተላመድን።

ጋራዡ ውስጥ ሰው የሚያስደነግጠው ግድግዳው ነበር። ከወለል እስከ ጣሪያ ፎቶግራፍ ነው። በእያንዳንዱ ፎቶ መሀል አዲስ ሳተርን አለች፤ ከመኪናዋ ፊት ቁልፍ የያዘ ባለቤት፣ ዙሪያውን አንድ ዓይነት ሸሚዝ የለበሱ ሠራተኞች እጃቸውን ለጭብጨባ አንስተው ቆመዋል። ባለቤቶቹ ይለያያሉ። ዳር ላይ ግን በሁሉም ፎቶ አንድ ቀጭን ሀበሻ፣ የመኪና ማጠቢያ ቦቲ ያደረገ፣ እጁ ገና ውሃ የሚያንጠባጥብ ቆሟል። ከግራ ወደ ቀኝ እያየህ ስትሄድ ፀጉሩ ይሸብታል። እሳቸው ናቸው፤ ሳተርን መሸጫ ውስጥ መኪና አጣቢ ሆነው በሠሩበት ዘመን።

የሳተርንን ታሪክ እንደ ገድል ነበር የሚያወሩት። ከዲትሮይት ትልልቅ ኩባንያዎች አንዱ፣ ጃፓኖች ገበያውን ሲወስዱበት ጊዜ፣ ከባዶ እንጀምር ብሎ ቴነሲ ውስጥ ባዶ ሜዳ ላይ አዲስ ፋብሪካ አቆመ። ሠራተኛና አለቃ አብረው የሚመክሩበት ቤት ነው ተባለ። የመኪናዋ በሮችና ፓራፋንጎዎች ከፕላስቲክ ተሠሩ፤ ቀስ ብለህ ብትገጫት ተመልሳ ትነሳለች፣ ዝገት አያውቃትም። ዋጋዋ ተቆርጦ የተጻፈ ነው፣ ክርክር የለም። ይሄኛው ነገር መርካቶ ላደገ ሰው የጤና አይመስልም ነበር ይላሉ እየሳቁ። ሰዉ ግን ወደዳት። አንድ ክረምት ባለቤቶቿ ከየስቴቱ በብዙ ሺህ ሆነው፣ መኪናቸው የተወለደችበትን ፋብሪካ ለማየት ቴነሲ ድረስ ነድተው ሄዱ፤ ጋሽ አውግቸውም ከአለቆቻቸው ጋር ሄደው ነበር። ሰው ከነልጆቹ ሜዳ ላይ ተቀምጦ እየበላ መኪናውን እንደ ዘመድ ሲያስተዋውቅ አይተዋል።

ከዚያ እናት ኩባንያው ፊቱን አዞረ። አዲስ ሞዴል ሳይወጣላት ዓመታት አለፉ፤ ቆይቶ የወጣላትም የሌላ መኪና ታናሽ የሚመስል ነበር። የኢኮኖሚው ቀውስ ሲመጣ ለሽያጭ ቀረበች። አንድ ባለሀብት ሊወስዳት ነው ሲባል እነ ጋሽ አውግቸው ተስፋ አደረጉ፤ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ውሉ ፈረሰ። መሸጫው ተዘጋ፣ እነዚህ ፎቶዎች የተለጠፉበት ሰሌዳም ከነፎቶው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ተጣለ። እሳቸው ናቸው ቆሻሻ ውስጥ ገብተው አንድ ባንድ የለቀሙት። ለምን ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

"ያጨበጨብኩላቸው ሰዎች ናቸው፤ እንዴት ጥያቸው ልሂድ?" አሉኝ።

ጭብጨባው የቤቱ ደንብ ነበር። አንድ ሰው መኪና ገዝቶ ሊወጣ ሲል ስልክ ላይ ያለውም፣ ጎማ የሚያጥበውም፣ አለቃውም ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ ክብ ሠርተው ያጨበጭባሉ፣ እልል ይላሉ፣ ሁለት ፎቶ ይነሳል፤ አንዱ ለባለቤቱ፣ አንዱ ለሰሌዳው። ጋሽ አውግቸው ሥራ የጀመሩ ቀን ሰው የሚዳር መስሏቸው ሙሽራዋን በዓይናቸው ፈልገዋል። ቆይተው ግን ጨነቃቸው። አዲስ ነገር የገዛን ሰው ሳይመርቁ ማጨብጨብ ዓይን መጥራት ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። እናም በጭብጨባው ሥር፣ ማንም ሳይሰማቸው፣ ለእያንዳንዱ ፈረንጅ በአማርኛ "በሰላም ያውጣህ፣ በሰላም ያግባህ" ይሉ ጀመር። ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ባለቤት ሳይመርቁ አልሸኙም፤ ከአንዷ በቀር። ያንን የነገሩኝ ግን ብዙ ቆይተው ነው።

ከፎቶዎቹ ብዙዎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው የተለጠፉ ነበሩ፤ የሚታየው ነጭ ጀርባቸው ነው። አንዲት ሳተርን ለብረት ስትሸጥ ፎቶዋን ያዞሩታል። ይሄ የሳቸው ልማድ ነው ብዬ አለፍኩት። አንድ ሰኞ የአንዲት የፓርክ ሂል ሰፈር ጡረተኛ አስተማሪ መኪና ተጎትታ ስትሄድ ፎቶዋን ሲያዞሩ አጠገባቸው ነበርኩ። በዚያው ሳምንት ዓርብ የሴትዮዋ ልጅ ደውሎ እናቴ አረፈች አላቸው። ጋሽ አውግቸው የዞረውን ፎቶ በአውራ ጣታቸው ደገፍ አድርገው ቆዩ። ቆይተው መኪናዋ ከሄደች ባለቤቷም ብዙ አይቆይም፣ ደጋግሜ አይቼዋለሁ አሉኝ። ተናደድኩባቸው። ሴትዮዋ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፣ አሮጌ መኪና የሚነዳው አሮጌ ሰው ነው፣ ምን ያስገርማል አልኳቸው። እሳቸውም መጀመሪያ እንደዚያ ብለው እንደነበር ነገሩኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስነዳ ሬዲዮ ከፍቼ ነበር፤ ዝምታውን አልፈለግኩትም።

ካልዞሩት ጥቂት ፎቶዎች አንዷ ላይ ሰማያዊ ሳተርንና ቀይ ካፖርት የለበሰች ሳቂታ ሀበሻ ሴት አሉ። ዳር የቆሙት ጋሽ አውግቸው በዚያች ፎቶ ብቻ አፋቸው ግጥም ብሏል። ማን ናት ስላቸው ወሬውን ወደ ዘይት ማጣሪያ አዞሩት።

ባለፈው መስከረም የምሠራበት ድርጅት ቻምበርስ ሮድ ወደሚኖሩ አንዲት እናት ላከኝ። እትዬ ብርቅነሽ ይባላሉ። ልባቸው ደክሟል፣ ዓይናቸውም ማየት ካቃተው ቆይቷል። አፓርታማቸው ምድር ቤት ነው፣ መስኮታቸው ፓርኪንጉን ያያል። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሰማያዊ ሳተርን ቆማለች። በደስታ፣ ጋሽ አውግቸው ናቸው የሚያዩልዎት ብዬ ጠየቅኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

"ማንም አያያትም። ዘይት ጨምሬባት አላውቅም፣ ጎማም አስነፍቼ አላውቅም። ራሷን ትጠብቃለች" አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። መኪናዋ ከተነዳች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ጎማዎቿ ግን ሙሉ ናቸው። ሰሌዳዋ ላይ የዘንድሮ ምዝገባ የታደሰበት ምልክት አለ። በረዶ በጣለ ማግስት ሰኞ ስመጣ የጎረቤቶቹ መኪኖች ነጭ ብርድ ልብስ ለብሰው እሷ ብቻ ራቁቷን ትቆማለች። አንድ ቀን ኮፈኗን ከፍቼ የዘይት መለኪያውን አወጣሁ፤ ዘይቱ ልኩ ላይ ነው፣ እንደ ማር የጠራ ነው። ቤቱ ውስጥም ሰኞ ሰኞ የሚያስገርመኝ ነገር ነበር። በዚያ ብርድ የፓርኪንጉ መስኮት አንድ ስንዝር ተከፍቶ አገኘዋለሁ፤ ክፍሉ ያንዘፈዝፋል። እትዬ ብርቅነሽ አየር እንዲገባ ነው ይላሉ። እሁድ ቅዳሴ ለምን እንደቀሩ ስጠይቃቸው እግሬ ነው ይሉኛል። እግራቸው ደህና እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ የማሸው እኔ ነኝ።

ኅዳር ላይ እሁድ የምትሠራው ልጅ ታማ እኔ ገባሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ፓርክ ሳደርግ የሰማያዊዋ ሳተርን ኮፈን ተከፍቶ አየሁ። አንድ ረጅም ሰው አጎንብሷል። ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ዘጋና እጁን ላዩ ላይ ጭኖ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ጋሽ አውግቸው ነበሩ። ሲያዩኝ እንደ ተያዘ ሌባ ደነገጡ። መኪናዬ ውስጥ አስገባኋቸው፤ ማሞቂያው እየሠራ ሁሉንም ነገሩኝ።

እትዬ ብርቅነሽ ታናሽ እህታቸው ናቸው። ያኔ፣ ሁለቱም ገና ጎልማሳ ሳሉ፣ ጋሽ አውግቸው ሆዳቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው በተኙበት ሰሞን አዲስ አበባ እናታቸው አረፉ። እህትዮው ቁስሉ እስኪሽር መርዶው ይቆይ ብላ ዘመድ ሁሉ አፉን እንዲይዝ አደረገች። እስኪሽር የተባለው ስምንት ወር ሆነ። በየሳምንቱ እሳቸው ለእናታቸው ሰላምታ ይልካሉ፤ እሷ አገር ቤት ደውዬ ነበር ትላለች፣ የእናትየውንም መልስ ታመጣለች።

"እማማ መርቃሃለች ትለኛለች። እኔም አሜን እላለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ለሞተች ሴት አሜን ስል ነበር፣ ልጄ። የነገረኝ ገበያ ላይ ያገኘሁት ሰው ነው፤ እግዜር ያጥናህ ብሎኝ አለፈ" አሉኝ።

ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት እህትዮው ቀይ ካፖርት ለብሳ መሸጫው መጣች። ሌላ ቦታ መግዛት ስትችል እሳቸው ያሉበት የመጣችው ለእርቅ እንደሆነ ገብቷቸዋል። ክቡ ተሠራ። አጨበጨቡ። ምርቃቱን ግን ጉሮሯቸው ላይ ያዙት። መኪናዋ ከበሩ ስትወጣ ጭብጨባቸው እንደ እርግማን ጆሯቸው ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ግን ይህን ሁሉ ዓመት እሁድ እሁድ፣ እሷ በሰው መኪና ቅዳሴ ሄዳለች በሚሉበት ሰዓት፣ መጥተው መኪናዋን ያያሉ። መኪናዋ እንድትሞት አይፈልጉም። ከሞተች እህታቸው ያለ ምርቃት እንደምትከተላት ያምኑ ነበር።

ታዲያ አሁን ሲመርቁ አየሁዎት አይደል አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "አሜን የሚለው የለማ። አሜን ያልተባለበት ምርቃት ንፋስ ነው። እሷ ከፊቴ ቆማ አሜን ማለት አለባት። ደግሞ ጊዜ የለኝም፤ እስከ ሁዳዴ ብደርስ ነው" አሉኝ። እንዴት አወቁ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ቱታቸው ከላይ ተከፍቶ ነበር፤ ከሥሩ ሸሚዛቸው፣ በልባቸው በኩል፣ ክብ የግራሶ ምልክት ነበረው፤ የካቻቢቴ ጫፍ የሚያክል። ማየቴን አይተው ቁልፋቸውን ዘጉ።

እንግዲህ አስታራቂ ሆንኩ። ለእትዬ ብርቅነሽ ነገሩን ሁሉ ተናገርኩ፤ አልደነገጡም፣ አልተገረሙም። "በር አለኝ። ያንኳኳ" አሉ። ወደ ፒዮሪያ ሄጄ ለጋሽ አውግቸው ነገርኳቸው። በሯን ካንኳኳሁ መጀመሪያ የማነሳው እማማን ነው፣ እማማን ካነሳሁ ደግሞ ምርቃቱ ይጠፋብኛል፣ የደበቀችኝ እሷ ናት እሷ ትውጣ አሉ። በመኪናውና በበሩ መካከል ሃያ እርምጃ አይሞላም። ስንት ጊዜ እየተመላለስኩ ለመንኳቸው። አንድ እሁድ ክንዳቸውን ይዤ ብጎትታቸው ኖሮ ይመጡ ነበር፤ ያንን አለማድረጌ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ትልቅ ሰው አይጎተትም ብዬ ተውኩት።

ሁዳዴ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ነው አቶ ግርማ የደወሉልኝ። ጥፍራቸውን የምቆርጥላቸው ሴትዮ እትዬ ብርቅነሽ ነበሩ። አቶ ግርማ የመጨረሻ ቃላቸው "ለእህትየው ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ልባቸው አይችልም" የሚል ነበር። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው፣ የልብ ሐኪማቸው የቀጠራቸው ቀን እስኪያልፍ መርዶው ይቆይ አሉ። እኔ አገር ቤት ሳለሁ ይሄን ልማድ የምጠላ ሰው ነበርኩ። በዚያ አፓርታማ ውስጥ ግን አሥራ አንድ ቀን ድምፄን አስተካክዬ፣ ሾርባ እያሞቅኩ፣ ዜና እያነበብኩላቸው ዋሸሁ። አያዩኝም፤ ቢሆንም የቀብሩ ቀን ጥቁሬን መኪና ውስጥ ቀይሬ ገባሁ። እሳቸው ስለ ወንድማቸው አንድም ቀን አልጠየቁኝም፤ እኔም በዚህ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ከጋሽ አውግቸው ሞት በኋላ በመጀመሪያው ሰኞ ስመጣ መስኮቱ አንድ ስንዝር ተከፍቶ ነበር። ቅዳሜ ሌሊት በረዶ ጥሏል። ሰማያዊዋ ሳተርን ላይ በረዶ አልነበረም። የኮሎራዶ ፀሐይ ናት አልኩ። የጎረቤቶቹ መኪኖች ላይ ግን ነበር፤ እነሱ ጥላ ውስጥ ስለሆኑ ነው አልኩ። ጥላው እስከ የት እንደሚደርስ ላለማየት ፊቴን አዙሬ ገባሁ።

ሐኪሙ ሳምንቱ መጨረሻ ላይ አዩዋቸው፣ ደህና ናቸው ተባለ። ሽማግሌዎቹ በቀጣዩ ሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጡ፤ አቶ ግርማ፣ የንስሐ አባታቸውና ሁለት እናቶች። እኔም አብሬ ገባሁ። መስኮቱ ክፍት ነበር። እትዬ ብርቅነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ ሀበሻ የለም። ቄሱ በቀስታ ነገሯቸው።

እንደፈራነው አልሆኑም። ረጅም ጊዜ አለቀሱ፣ ወንድማቸውን እየጠሩ፣ ከዚያም እናታቸውን እየጠሩ፤ ሁለቱን ሐዘን አንድ ላይ አወጡት። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ መዋሸቱም ማፈሩም አብሮ ወጣልኝ። ሲረጋጉ እጄን ያዙና ለኔ ብቻ በሚመስል ድምፅ መናገር ጀመሩ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ እሁድ ጉንፋን ይዟቸው ቤት ቀርተው ነበር። በመስኮቱ በኩል የኮፈኑን ድምፅ ሰሙ፣ የወንድማቸውንም ድምፅ ሰሙ። በሰላም ያውጣሽ፣ በሰላም ያግባሽ ይላል። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ እየቀሩ፣ መስኮቱን ከፈት አድርገው መጋረጃው ኋላ ይቆማሉ። በየእሁዱ አሜን ብለውታል።

"ቢያንኳኳ እከፍትለት ነበር። እሱ አላንኳኳም፣ እኔም አልጠራሁትም። ግን አንድም ቀን አሜን ሳልለው አልሄደም" አሉ።

ይሄን ጋሽ አውግቸው ሳያውቁ መሄዳቸው አንጀቴን በላው። እናቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ቄሱ ነፍስ ይማር አሉ። እትዬ ብርቅነሽ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና መቼ እንዳረፈ ጠየቁ። አቶ ግርማ እንዳይቀየሙን እያሉ፣ ባለፈው ሳምንት ሳይሆን ከዚያ በፊት ባለው ረቡዕ ነው አሉ።

እትዬ ብርቅነሽ ጣታቸውን እያጠፉ ቀኑን ቆጠሩ። ትናንት እሁድ ነበር። ሁለት ጣት አጥፈው ቆሙ፤ የማያዩትን ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

"ታዲያ በነዚህ ሁለት እሁዶች አሜን ያልኩት ለማን ነው?" አሉ።